ፊደል ቀድሞ፣ ፈረንሳይኛ ተከትሎ
የሐረር ካቶሊክ ሚስዮንና ያፈራቸው ተማሪዎች

እንዲህ ባለው የማኅበራችን ምሥረታ አሥረኛ ዓመት የበዓል መጽሔት ላይ ስለ ማኅበሩ ጉዞ መጻፍ የተለመደ ነው። ያንን ከእኔ የበለጠ ለሚያውቁት ትቼ፣ እኔ ግን ከስብሰባችን በኋላ ቡና ሲጠጣ ሳይነሣ የማይቀረውን አንድ ጉዳይ በታሪክ በኩል ላቀርበው ፈለግሁ። ጉዳዩ የልጆቻችን ትምህርት ቤት ነው። ከመካከላችን ልጆቹን በካቶሊክ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ወላጅ ጥቂት አይደለም። ሥርዓቱ የጠበቀ ነው፣ ትምህርቱም ጥሩ ነው ይባላል። ይሁን እንጂ ወላጁ ኦርቶዶክስ ወይም ሙስሊም ወይም ፕሮቴስታንት ሲሆን፣ «ልጄ የአባቱን ሃይማኖት ይተው ይሆን? ቋንቋውንስ ይረሳ ይሆን?» የሚል ሐሳብ እንቅልፍ ይነሳዋል።

ይህ ሥጋት በእኛ የተጀመረ አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት በሐረር ከተማ አንድ አባት ይህንኑ አስበውበት፣ ለልጃቸው መፍትሔ አበጅተው ነበር። አባትየው ራስ መኰንን ወልደ ሚካኤል፣ ልጁ ደግሞ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው የነገሡት ተፈሪ መኰንን ናቸው። በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

የጥርጣሬው መነሻ

በኢትዮጵያ የካቶሊክ መምህር ስም ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የዐፄ ሱስንዮስን ዘመን ነው። በ1603 ወደ ኢትዮጵያ የገባው ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር መነኩሴ ጴጥሮስ ፓኤዝ ግእዝና አማርኛ አጥንቶ፣ ልጆች አስተምሮ፣ በትዕግሥቱና በዕውቀቱ የቤተ መንግሥቱን ፍቅር አተረፈ። ዐፄ ሱስንዮስም በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ። ፓኤዝ በዚያው ዓመት ሞተ። በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን የፓኤዝ ትዕግሥት አልነበረውም። የሕዝቡ ጥምቀት እንዲደገም፣ የካህናቱ ክህነት እንዲታደስ፣ የኖረው ሥርዓትና ልማድ እንዲለወጥ አዘዘ። ከዚያም ወንድም ከወንድሙ ተዋጋ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ሱስንዮስ የአባቶቻቸው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ ከዚያ በኋላ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል የውጭ አገር ቄስ በኢትዮጵያ በጥርጣሬ ዓይን ይታይ ነበር። ጥርጣሬው ከድንቁርና የመጣ አልነበረም። አንድ መምህር ዕውቀትን ይዞ ገብቶ፣ ሌላው የዕውቀቱን ዋጋ ሃይማኖት ለውጡ ብሎ ሲጠይቅ ምን እንደሚከተል በዓይን የታየ ነገር ስለ ነበረ ነው።

ካፑቺኖች ሐረር ሲገቡ

ካቶሊኮች እንደገና ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በአሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት ነው። ለኦሮሞ አገሮች ሐዋርያዊ እንደራሴ ሆነው በ1846 የተሾሙት ጣሊያናዊው የካፑቺን መነኩሴ ጉልዬልሞ ማሳያ በጉዱሩ፣ በከፋና በሌሎችም ቦታዎች ከሠሩ በኋላ፣ በሸዋ ከንጉሥ ምኒልክ ዘንድ ከ1868 እስከ 1879 ቆዩ። በ1879 በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር ወጡ። ማሳያ ከስብከታቸው ሌላ የአማርኛና የኦሮሞኛ ሰዋስው አዘጋጅተው በ1867 በፓሪስ አሳትመዋል።

በሸዋ ይህን የካቶሊክ ሚስዮን ከተጠጉት ኢትዮጵያውያን አንዱ ዓጽመ ጊዮርጊስ ገብረ መስህ ናቸው። ካቶሊክ ሆነው፣ መንግሥትን አገልግለው፣ በኋላም በሐረር ኖረው፣ የኦሮሞን ሕዝብና የሸዋን መንግሥት ታሪክ በአማርኛ ጻፉ። መጽሐፋቸው በእጅ ጽሑፍ ሲኖር ቆይቶ በ1987 የታሪክ ምሁሩ ባይሩ ታፍላ ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር በጀርመን አገር አሳትመውታል። የውጭ ሰዎች ስለ እኛ በሚጽፉበት ዘመን አንድ የአገር ልጅ የአገሩን ታሪክ በአገሩ ቋንቋ ሲጽፍ ማየት ደስ ያሰኛል። ከባዕድ መምህር ጋር መዋል የራስን ነገር መርሳት ማለት ላይሆን እንደሚችልም ምስክር ነው።

ከማሳያ በኋላ ሥራውን የተረከቡት ፈረንሳዊው ጳጳስ ቶሬን ካኛ በ1881 ሐረር ገቡ። ከተማዋ በዚያን ጊዜ በግብጾች እጅ ነበረች። ግብጾች በ1885 ወጡ፤ በ1887 መጀመሪያ ላይ ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ምኒልክ ሐረርን ያዙ፤ አገሩንም ለአክስታቸው ልጅ ለመኰንን ሰጡ። ሚስዮኑ እነዚህን ሁሉ የመንግሥት ለውጦች ተሻግሮ በከተማዋ ቆየ፤ ልጆችን ማስተማርና በሽተኛ ማከምም ዋና ሥራው ሆነ።

ሚስዮኑን በሰው ዘንድ ያስወደደው ሰው ግን እንድሬ ዣሮሶ ነው። በ1858 በፈረንሳይ አገር በቫንዴ የተወለዱት ዣሮሶ ገና በወጣትነታቸው ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በ1900 ጳጳስ ሆኑ፤ የሕይወታቸውንም ትልቁን ክፍል በሐረር አሳለፉ። በእርሳቸው ዘመን አባ ማሪ በርናር የተባሉት ካፑቺን በሐረር የሥጋ ደዌ በሽተኞችን መጠለያ አቋቋሙ። እኒሁ መነኩሴ በ1905 «ለ ሰመር ዴትዮጲ» የተባለውን የፈረንሳይኛ ጋዜጣ እዚያው ማተም ጀመሩ፤ በኋላም ማተሚያው ወደ ድሬዳዋ ወረደ። በአገራችን የጋዜጣ ታሪክ ሲጻፍ ይህ ማተሚያ ቤት ከቀደምቶቹ መካከል የሚቆጠር ነው።

የራስ መኰንን ብልሃት

ራስ መኰንን ለፈረንጅ መምህር በራቸውን የከፈቱት በየዋህነት አልነበረም። በ1889 የውጫሌ ውል ከተፈረመ በኋላ ወደ ኢጣልያ የሄደውን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ቡድን የመሩት እርሳቸው ናቸው። የዚያ ውል ዐሥራ ሰባተኛ አንቀጽ በአማርኛው ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስትጻጻፍ በኢጣልያ በኩል ለማድረግ ትችላለች ሲል፣ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ ያደርግባት ነበር። በአንድ ቃል ልዩነት አገር ሊሄድ ነበር፤ ያቺ ቃልም እስከ ዐድዋ አደረሰችን። ራስ መኰንን በዐድዋ ተዋግተዋል፤ በ1902ም ለእንግሊዝ ንጉሥ ለኤድዋርድ ዘውድ በዓል ወደ ሎንዶን ሄደዋል። የፈረንጅን ቋንቋ አለማወቅ ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ከእርሳቸው ይበልጥ የሚያውቅ መኰንን በዘመኑ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልጃቸው ፈረንሳይኛ እንዲማር የፈለጉትም ከዚህ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም።

ይሁን እንጂ ነገሩን በቅደም ተከተል አደረጉት። በ1892 በኤጀርሳ ጎሮ የተወለዱት ተፈሪ በመጀመሪያ ከካህናት ዘንድ ፊደል ቆጥረው፣ አማርኛና ግእዝ ማንበብ ተማሩ። ፈረንሳይኛ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ዕድሜያቸው ወደ አሥር ዓመት ገደማ ሲደርስ ነው። መምህራቸውም ከጓዴሎፕ የመጡት ሐኪም ዶክተር ቪታሊየን ሆኑ። ሐኪሙ ሆስፒታሉን ትተው ቀኑን ሙሉ ማስተማር ስለማይችሉ፣ አብዛኛው ድካም በአንድ ኢትዮጵያዊ መምህር ላይ ወደቀ። እኒህም የካፑቺን ሚስዮን ተማሪ የነበሩት አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ናቸው።

እዚህ ላይ የራስ መኰንንን ብልሃት ልብ እንበል። ልጃቸውን ከሚስዮኑ ዕውቀት አላራቁትም፤ ግን ልጁ በሚስዮኑ ግቢ እንዲያድግም አላደረጉም። የሚስዮኑ ዕውቀት በአገር ልጅ አፍ ወደ ቤታቸው እንዲገባ አደረጉ። ዣሮሶ የራሱ ወዳጅ ሆነው ቆዩ፤ ልጁም በኦርቶዶክስ እምነቱ ጸና።

ሦስቱ ተማሪዎች

ከዚያች ትንሽ የሐረር ክፍል የሚጠቀሱ ሦስት ሰዎች አሉ። የመጀመሪያው ራሳቸው አባ ሳሙኤል ናቸው። ስማቸው በአደባባይ አልተጠራም፤ ሹመትም አልነበራቸውም። ነገር ግን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው ስለ እኒህ መምህር ትጋት፣ ትሕትናና የዕውቀት ፍቅር ከልብ ጽፈዋል። ራስ መኰንን በመጋቢት 1906 ቁልቢ ላይ ሲሞቱ ተፈሪ ገና አሥራ አራት ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ከአባታቸው ሞት በኋላም የአባ ሳሙኤል ወዳጅነትና ምክር አልተለያቸውም። በግንቦት 1907 ዓ.ም. በሐረማያ ሐይቅ ላይ የተሳፈሩባት ጀልባ ውሃ ገብቷት ስትሰጥም ተፈሪ ከሞት ተረፉ፤ መምህሩ አባ ሳሙኤል ግን እዚያው ሰጥመው ቀሩ። ተፈሪ አልጋ ወራሽና እንደራሴ የሆኑት ከዚህ በኋላ ዓመት ከጥቂት ወር ብቻ ቆይቶ ነው። መምህሩ የተማሪያቸውን ሹመት ሳያዩ አለፉ።

ሁለተኛው ተማሪ ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። በዘመናቸው አገዛዝ ላይ በመካከላችን ያለው አስተያየት የተለያየ መሆኑን አውቃለሁ። የ1966 ዓ.ም.ን ለውጥ ያየ ሰው፣ የወሎን ረኀብ የሚያስታውስ ሰው፣ ሁሉም የየራሱ ፍርድ አለው። እዚህ የምናየው ትምህርታቸውን ብቻ ነው። በሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት የቆሙት ንጉሥ ፈረንሳይኛ ከልጅነታቸው የተማሩ ሰው ነበሩ፤ ያ ቋንቋም የማኅበሩ የሥራ ቋንቋ ነበር። እርሳቸው ግን በአማርኛ ተናገሩ። የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያውኳቸው ሞከሩ፤ እርሳቸው ጸጥታው እስኪመለስ ጠብቀው ንግግራቸውን ፈጸሙ። የባዕድ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው መቼ በገዛ ቋንቋው መናገር እንዳለበትም ያውቃል። የማያውቀው ግን ምርጫ የለውም።

ሦስተኛው ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። በዚያው በ1892 ተወልደው ከተፈሪ ጋር እንደ ወንድም አብረው አደጉ፤ አብረውም ተማሩ። በኢጣልያ ወረራ ጊዜ የሽሬን ግንባር መሩ፤ በታኅሣሥ 1935 በደምበጉና የእርሳቸው ሠራዊት የጠላትን ታንኮች ማረከ፣ ሰበረ። ንጉሡ ከአገር ሲወጡ በጎሬ እንደራሴ ሆነው ቀሩ። በ1936 መጨረሻ በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተወሰዱ፤ ፖንዛ በምትባል ደሴትም ታሰሩ። ሙሶሊኒ ራሱ በ1943 ከሥልጣን ሲወርድ በዚያችው ደሴት መታሰሩ የታሪክ ፍርድ የሚባለው ዓይነት ነው። ራስ እምሩ ከ1946 ጀምሮ በዋሽንግተን፣ በኋላም በሕንድና በሞስኮ ኢትዮጵያን ወከሉ። ርስታቸውን ለጭሰኞቻቸው እንዳካፈሉ ይነገርላቸዋል፤ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ያደረጉት ሰዎችም ጠቅላይ ሚኒስትር ይሁኑ ብለው የመረጡት እርሳቸውን ነው። በ1980 ዐረፉ፤ ትዝታቸውን የጻፉበት «ካየሁት ከማስታውሰው» የተባለው መጽሐፍም ከሞታቸው በኋላ ታትሟል። በአንድ ሰሌዳ ከተማሩት ሁለት ልጆች አንዱ ዙፋኑን ሲጠብቅ፣ ሌላው የለውጥ ፈላጊዎች ተስፋ ሆነ። ትምህርት ቤት ዕውቀት ይሰጣል እንጂ የሰውን ልብ በአንድ ቅርጽ አይቀርጽም።

መምህሩ ዣሮሶስ? ኢጣልያኖች ሐረርን ከያዙ በኋላ፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ ከኖሩባት አገር በእርጅናቸው እንዲወጡ ተደረገ። በጥር 1933 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በቱሉዝ ከተማ ሞቱ። በዚያው በጥር ወር የሐረሩ ተማሪ በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻግረው የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ዳግመኛ ይሰቅሉ ነበር።

ውል ያለው ትምህርት

የሐረሩ ትምህርት ፍሬ በኋላም ታይቷል። ተፈሪ በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከነጻነት በኋላ በ1945 ለዚህ ትምህርት ቤት መምህራን ሲፈልጉ፣ ከካናዳ ከኬቤክ የኢየሱሳውያን ማኅበር አባላትን አስመጡ። ያ ማኅበር በፋሲለደስ ትእዛዝ ከአገር ከወጣ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ሆኖት ነበር። ንጉሡ ግን ታሪኩን ያውቁ ነበርና ውል አበጁ፦ መምህራኑ ሃይማኖታቸውን አይሰብኩም፤ የምንኩስና ልብሳቸውንም ትተው እንደ ማንኛውም መምህር ሱፍ ለብሰው ያስተምራሉ። እነርሱም ውሉን ተቀብለው ሥራ ጀመሩ። መሪያቸው ዶክተር ሉስየን ማት በ1950 የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አቋቋሙ፤ ይህም ኮሌጅ የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መሠረት ነው።

የሚያስገርመው፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የእነ ገርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት በተነሣ ጊዜ እንቅስቃሴውን ደግፈው አደባባይ የወጡት የዚሁ ኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። ካቶሊክም አልሆኑ፤ የንጉሡም ታማኝ አሽከር አልሆኑ። ጠያቂ ሆኑ። ሜንዴዝ በማስገደድ ያላገኘውን፣ ንጉሡም በችሮታ ያልገዙትን፣ ተማሪው በራሱ አሰበው።

ለእውነት ለመመስከር ያህል ጉድለቱንም መጥቀስ ይገባል። የሐረሩ ፈረንሳይኛ የመኳንንት ልጆች ዕድል ነበር። የኤጀርሳ ጎሮ ገበሬ ልጅ፣ ይልቁንም ሴት ልጅ፣ ያንን ሰሌዳ አላየችም። ሚስዮኑም የመጣው ለማስተማር ብቻ ሳይሆን ለማጥመቅም ነው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ነገር ግን የመምህሩ ፍላጎት ሌላ፣ የተማሪው ፍሬ ሌላ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው ልጁን የላከው ቤት ነው።

ለእኛ ምን ይነግረናል?

ከአባሎቻችን መካከል በአዲስ አበባ በልደታ፣ በቅዱስ ዮሴፍ ወይም በናዝሬት ትምህርት ቤት የተማሩ እንዳሉ አውቃለሁ። እነርሱ ሃይማኖታቸውን ይዘው የወጡት በሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ፣ በቤታቸውም አያት ስለ ነበረችላቸው ነው። የእኛ ልጆች ግን በባዕድ አገር ናቸው። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በመንገድ የሚሰሙት አማርኛ የለም፤ አያትም በስልክ ብቻ ናት። ስለዚህ ለእነርሱ ትምህርት ቤቱ የሚሰጠውን ብቻ ሳይሆን ቤቱ አስቀድሞ የሰጣቸውን መጠየቅ አለብን።

ራስ መኰንን ለልጃቸው የፈረንጅ ቋንቋ በር ከመክፈታቸው በፊት ፊደል አስቆጠሩት። በዓለም ፊት በገዛ ቋንቋው የተናገረ ሰው የወጣው ከዚያ ቅደም ተከተል ነው። እኛ ብዙዎቻችን ቅደም ተከተሉን ገልብጠነዋል። «እንግሊዝኛውን ይቻል፣ አማርኛው ኋላ ይደርሳል» እንላለን። ኋላ ግን አይደርስም። ዕድሜው አሥራ ሦስት ሲሆን ልጁ ፊደል መቁጠር ያፍራል፤ ሃያ ሲሆን ደግሞ ለምን አላስተማራችሁኝም ብሎ ይጠይቀናል።

ስለዚህ ልጆቻችንን ወደ ካቶሊክ ትምህርት ቤት መላክ የሚያሳፍር ወይም የሚያስፈራ አይደለም። የሚያስፈራው ባዶ እጃቸውን መላክ ነው። ማኅበራችን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያስተምረው የአማርኛ ክፍል ከዘፈንና ከምግብ ዝግጅቱ ኋላ የሚታሰብ ትርፍ ነገር ሳይሆን የሁሉ መጀመሪያ እንዲሆን ያስፈልጋል። በዚያ ክፍል የሚያስተምሩት በጎ ፈቃደኞች ስማቸው በአደባባይ አይጠራም፤ ደመወዝም የላቸውም። የአባ ሳሙኤልም ስም በዘመናቸው አልተጠራም ነበር።

የሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ማኅበራችን የሚያድግበት፣ ሃያኛውን ዓመት ስናከብርም ይህን መጽሔት ልጆቻችን ራሳቸው በአማርኛ የሚጽፉበት እንዲሆን እመኛለሁ። መልካም በዓል ይሁንላችሁ።